ፊልም አልባው ፊልም፤ የ“ስታር ዎርስ” ሁለተኛ ክፍል እንዴት ተሠርቶ እንዴት ለሕዝብ ቀረበ?

ማኅበራችን በየወሩ በሚያዘጋጀው የፊልም ምሽት ባለፈው ጊዜ የታየው፣ “ስታር ዎርስ” የተባለው ተከታታይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍል፣ “የክሎኖች ጥቃት” ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት እንደ በራ፣ ሻይም ገና ሳይቀዳ ክርክር ተነሣ። ነገሩን የጀመረው ከምሕንድስና ክፍል የመጣ አንድ ወንድማችን ነው። የዚሁ ተከታታይ የመጀመሪያ ሥራ የሆነውን የ1977ቱን ፊልም ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ ፕሮጀክተር አይተነዋል። “ሃያ አምስት ዓመት ቀድሞ የተሠራው ጥርት ብሎ እየታየ፣ በ2002 በዘመናዊ መሣሪያ የተሠራው እንዴት ፈዞ ይታየናል?” አለ። ገሚሱ ፕሮጀክተሩን ወቀሰ፤ ገሚሱ ዲስኩን፤ አንዲት እኅታችን ደግሞ “የጠያቂው ዓይን ይመርመር” ብላ ወደ እኛ ወደ ሕክምና ተማሪዎቹ ተመለከተች። የዓይን ሕክምና ትምህርት ገና አልደረስንበትም፤ ጉዳዩን ግን አጣርተን በልሳናችን እንጽፋለን ብለን ቃል ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው። ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ፣ ፊልም የሚለው ቃል ሁለት ነገር እንደሚያመለክት እናስታውስ። አንደኛው ተቀምጠን የምናየው ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ታሪኩ የታተመበት፣ ብርሃን የሚሰማው ኬሚካል የተቀባና ጠርዙ የተበሳሳ ጥብጣብ ነው። ካሜራው በሰከንድ 24 ፎቶግራፍ ጥብጣቡ ላይ ያነሣል፤ ጥብጣቡ ይታጠባል፤ ከታጠበው ኔጋቲቭ ቅጂ ይባዛል፤ ቅጂውም በጥቅል በጥቅል ሆኖ ወደየሲኒማ ቤቱ ይጓዛል። “የክሎኖች ጥቃት” 142 ደቂቃ ይፈጃል። በእርሳስ ስናሰላው 204,480 ፎቶግራፍ ማለት ነው፤ በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ላይ ቢዘረጋ ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ እንግዲህ የአንድ ቅጂ ርዝመት ብቻ ነው።

በዲጂታል ዘዴ ግን ብርሃኑ የሚያርፈው ጥቃቅን ነጥቦች በተደረደሩበት የኤሌክትሮኒክ ገበታ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያረፈው ብርሃን መጠኑ በቁጥር ይጻፋል። ቁጥር ደግሞ ሲገለበጥ አይደበዝዝም፤ መቶኛው ግልባጭ ከመጀመሪያው አይለይም፤ ኮምፒዩተርም እንደ ፈለገ ሊደምረው፣ ሊቀንሰው፣ ሊያዛውረው ይችላል። ጥቅሙም ጣጣውም ከዚሁ ይመነጫል።

ጆርጅ ሉካስ ወደዚህ መንገድ የገባው በአንድ ቀን አይደለም። “ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ” የተባለውን የስፔሻል ኢፌክት ድርጅት በ1975 ሲያቋቁም ሥራው በአብዛኛው የእጅ ነበር፤ ከፕላስቲክ የተገጣጠሙ ትናንሽ መንኮራኩሮች በካሜራ ፊት ይነሡ ነበር። በ1979 ኤድ ካትመል የተባለውን የኮምፒዩተር ሊቅ ቀጥሮ አንድ የምርምር ክፍል አቋቋመ። ከዚህ ክፍል በ1984 ለሕዝብ የታየ የኤሌክትሮኒክ ኤዲቲንግ መሣሪያ ወጣ። ሥዕልን ለማቀነባበር ብቻ የተሠራ አንድ ልዩ ኮምፒዩተርም ወጣ። ስቲቭ ጆብስ ክፍሉን በ1986 ገዝቶ ፒክሳር የተባለ ኩባንያ ሲያደርገው፣ ያ ኮምፒዩተር ለሽያጭ ከቀረበላቸው ደንበኞች መካከል ሆስፒታሎች ነበሩ። የሲቲ ስካንና የኤም. አር. አይ. ቁርጥራጭ ሥዕሎችን አያይዞ ሙሉ አካል አስመስሎ ለማሳየት ታስቦ ነበርና። ዋጋው ከ100,000 ዶላር በላይ ስለ ነበር ብዙ ገዢ አላገኘም። እኛ ግን ይህን ስናነብ፣ የሲኒማውና የራጅ ክፍሉ ዘመዳሞች መሆናቸውን ተረዳን። በኋላም በዚህ ጽሑፍ ወደ ራጅ ክፍል የምንሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ለውጡ ፈጠነ። በ1993 “ጁራሲክ ፓርክ” የተባለው ፊልም ወጣ። በኮምፒዩተር የተሣሉት ዳይኖሰሮች በጠቅላላው የሚታዩት ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ተመልካቹ ሕይወት ያላቸው መስለውት ተንቀጠቀጠ። ሉካስም ያንን ካየ በኋላ፣ ለዓመታት አስቀምጦት የነበረውን የ“ስታር ዎርስ” ቀዳሚ ታሪክ ለመሥራት ጊዜው እንደ ደረሰ ወሰነ። የመጀመሪያው ክፍል በ1999 ሲወጣ ከጥቂት ቀረጻዎች በቀር የተቀረጸው በተለመደው ጥብጣብ ነበር። ይሁንና በዚያው ዓመት ሰኔ 18 ቀን በአሜሪካ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ አካባቢ በሚገኙ አራት አዳራሾች ብቻ ያለ ጥብጣብ፣ በኤሌክትሮኒክ ፕሮጀክተር ታየ። አራት አዳራሽ ምንም አይደለም። ሉካስ ግን ቀጣዩ ክፍል ከካሜራው እስከ መጋረጃው ጥብጣብ የማይነካው እንዲሆን እንደሚሻ አስታወቀ።

ለዚህም ካሜራ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት የቴሌቪዥን ካሜራዎች በሰከንድ 24 ሙሉ ሥዕል የማንሣት ልማድ የላቸውም፤ ሥዕላቸውም የዜና ማሰራጫ መልክ አለው። ሶኒ ካሜራውን፣ ፓናቪዥን ሌንሶቹን አዘጋጅተው “ኤፍ 900” የሚል ቁጥር ያለው መሣሪያ ቀረበ። ቀረጻው በሰኔ 2000 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ጣሊያን፣ ወደ ስፔንና ወደ ቱኒዝያ ተዛወረ። ቱኒዝያ ለዚህ ተከታታይ ባዕድ አይደለችም፤ በታሪኩ ውስጥ ያለችው የበረሃ ዓለም ስሟን ያገኘችው በደቡብ ቱኒዝያ ካለችው ከታታዊን ከተማ ነው።

ብዙዎች “የክሎኖች ጥቃት” በዚህ ካሜራ የተሠራ የመጀመሪያው ታሪክ ነገር ፊልም ነው ብለው ይጽፋሉ። ይህ መታረም አለበት። “ቪዶክ” የተባለው የፈረንሳይ ፊልም በዚሁ ካሜራ ተቀርጾ በ2001 ለሕዝብ ቀርቧል። የሉካስን ሥራ የተለየ የሚያደርገው በጀቱ ነው። 115 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈሰሰበት ትልቅ ፊልም ሙሉ በሙሉ በአዲስ መሣሪያ ላይ እምነቱን መጣሉ የሲኒማውን ዓለም ሁሉ ለክርክር ጋበዘ።

አዲሱ ካሜራ ምን አተረፈ? የፊልሙ ሰዎች የሰጡት ስሌት አለ። 220 ሰዓት ያህል ቀረጻ የያዘው ቴፕ 16,000 ዶላር ብቻ ወጣበት፤ ይኸው በጥብጣብ ቢሆን 1.8 ሚሊዮን ዶላር ይፈጅ ነበር አሉ። ለራሳቸው ጉዳይ የቆሙ ሰዎች ስሌት መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ሌላም ነገር አለ። በጥብጣብ የሚቀርጽ አዘጋጅ የሠራውን የሚያየው ጥብጣቡ ታጥቦ ሲመለስለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ። እስከዚያ ድረስ ሌንሱ ስቶ እንደ ሆነ፣ ብርሃኑ በዝቶ እንደ ሆነ አያውቅም። በዲጂታል ካሜራ ግን ሥዕሉ እዚያው በሞኒተር ይታያል። ላቦራቶሪ የላክነው የደም ምርመራ ውጤት በማግስቱ ሲመጣና በአልጋው ዳር በደቂቃ ሲታወቅ ያለውን ልዩነት ያህል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የታየው ከቀረጻው በኋላ ነው ብለን እናምናለን። በጥንቱ አሠራር ካሜራ ፊት ያልነበረ ነገር ፊልሙ ላይ አይኖርም፤ ቢኖርም በብዙ ድካም ነው። በዚህ ፊልም ላይ ግን ካሜራው የሚያመጣው ጥሬ ዕቃ ብቻ ሆነ። ስሙ በፊልሙ ርእስ ላይ ያለውን የክሎን ሠራዊት እንውሰድ። በመጋረጃው ላይ በሺህ የሚቆጠር ጥሩር ለባሽ ወታደር ይሰለፋል፤ ነገር ግን ለአንዱ ወታደር እንኳ እውነተኛ ጥሩር አልተሰፋም። ሁሉም በኮምፒዩተር የተሣሉ ናቸው። ወታደሩ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ የሚታየው የተዋናይ ፊት፣ በተሣለው አካል ላይ የተተከለ ነው።

አረጋዊው ዮዳም እንዲሁ ነው። ከ1980 ጀምሮ የምናውቀው ዮዳ ፍራንክ ኦዝ በእጁ ያንቀሳቅሰው የነበረ አሻንጉሊት ነበር። በዚህ ፊልም ድምፁ የኦዝ ሆኖ ቀረ፤ አካሉ ግን በሮብ ኮልማን የሚመሩ አኒሜተሮች በኮምፒዩተር የሠሩት ነው። ሰዎቹ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አደረጉ። አዲሱ ዮዳ ከአሻንጉሊቱ አብልጦ ከተዋበ ሰው እንደማይቀበለው ስለ ገባቸው፣ የጎማውን ጆሮ ሳይታሰብ መንቀጥቀጥ ሳይቀር እንዲወርስ አደረጉት። ዮዳ ከሰይፈኛው ዱኩ ጋር ሲገጥም ግን አሻንጉሊት ፈጽሞ የማይችለውን ዝላይ ይዘላል። ዱኩን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሊ በቀረጻው ጊዜ 78 ዓመቱ ነበር፤ በፍልሚያው በብዙ ቦታ የሚሽከረከረው አካል የሌላ ወጣት ነው፤ ፊቱ ብቻ የሊ ሆኖ ተለጥፏል። እኛ ይህን ሳናውቅ “ሽማግሌው እንዴት ጠንካራ ነው!” ስንል ነበር።

ይህ ሁሉ ዓይን የሚስብ ነው። ከዚህ ይልቅ ዓይን የማይስበው ግን የበለጠ ሊጤን ይገባዋል። ሁለት ተዋንያን ሲነጋገሩ በምናይበት ቀላል ትዕይንት እንኳ፣ ሉካስ የአንዱን ተዋናይ ጥሩ አነጋገር ከሦስተኛው ቀረጻ፣ የሌላውን ጥሩ አመለካከት ከሰባተኛው ቀረጻ ወስዶ በአንድ ሥዕል ውስጥ ያጣምር ነበር። ማለትም ሁለቱ ሰዎች ያንን ቅጽበት አብረው አልኖሩትም። ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ተዛወረ። ቀድሞ “ይበቃል፣ ተቀርጿል” የሚባለው ካሜራው ፊት ነበር፤ አሁን ግን ፊልሙ ሲኒማ ቤት እስኪገባ፣ ከገባም በኋላ፣ ሁሉም ነገር ሊለወጥ የሚችል ሆነ። ሉካስ ራሱ ይህን አሳይቶናል። የቀድሞዎቹን ሦስት ፊልሞች በ1997 በኮምፒዩተር አድሶ ሲያወጣ ብዙ ወዳጆቻቸው ተቆጡ፤ በ1999ኙ ፊልም የነበረውን አሻንጉሊት ዮዳም በ2011 በወጣው ዲስክ ላይ በዲጂታሉ ተክቶታል። ተዋንያኑን በተመለከተ የእኛ አስተያየት አጭር ነው፤ በሰማያዊና በአረንጓዴ መጋረጃ መካከል ቆሞ ከሌለ ነገር ጋር መነጋገር በፊታቸው ላይ ይታወቃል። የፍቅሩ ትዕይንት ላይ በአዳራሹ የተሰማው ሳቅ ምስክራችን ነው።

ፊልሙ ግንቦት 16 ቀን 2002 ለሕዝብ ሲቀርብ ግን የሉካስ ምኞት ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። በአሜሪካ ብቻ ከ3,100 በላይ ሲኒማ ቤቶች ከፍተውታል፤ በዲጂታል ፕሮጀክተር ያሳዩት አዳራሾች ግን በመላው ዓለም ወደ መቶ የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። ወደ አንዳንዶቹም ፊልሙ የተላከው በቦይንግ ኩባንያ በኩል በሳተላይት ነበር። በቀሩት ሁሉ ያለ ጥብጣብ የተሠራው ፊልም ከኮምፒዩተር ወደ ጥብጣብ ተገልብጦ፣ በሺህ በሚቆጠር ቅጂ ተባዝቶ፣ እንደ ጥንቱ በጥቅል ተጓጓዘ። ፊልም አልባው ፊልም ፊልም ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። ጥብጣቡን ለማባዛት ሳምንታት ስለሚያስፈልጉ የጥብጣቡ ቅጂ ቀድሞ መዘጋት ነበረበት፤ የዲጂታሉ ቅጂ ግን እስከ መጨረሻው ጊዜ ይታረም ነበር። በዚህም የተነሣ ሁለቱ ቅጂዎች ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም። በመጨረሻው የሠርግ ትዕይንት የአናኪን የብረት እጅ የፓድሜን እጅ ሲይዝ የሚታይበት ቅጽበት በዲጂታሉ ሲኖር በጥብጣቡ አልነበረም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ፊልሙ በግዙፉ የአይማክስ መጋረጃ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ መከራ ገጠመው፤ የአይማክስ ማጫወቻ ሊሸከም የሚችለው የጥብጣብ ጥቅል ከ120 ደቂቃ ስለማይበልጥ ከፊልሙ ሃያ ደቂቃ በላይ ተቆረጠ። እንግዲህ በ2002 ዓመት “የክሎኖች ጥቃትን አየሁ” የሚሉ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ፊልም አይተው ሊሆን ይችላል። አራተኛም አለ። ከመክፈቻው ቀን አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በድብቅ የተቀዳ ቅጂ በኮምፒዩተር መረብ ሲዘዋወር ነበርና፣ ቁጥር ሳያረጅ ይገለበጣል ያልነው ለባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ይህም ሆኖ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ640 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ በአሜሪካ ግን የዓመቱን አንደኝነት ለ“ስፓይደር ማን” ለቀቀ።

ሲኒማ ቤቶቹ ለምን እምቢ አሉ? ለዕድገት ጠላት ስለሆኑ አይደለም። ጉዳዩ የሒሳብ ነው። አንድ የጥብጣብ ቅጂ ከ1,500 እስከ 2,000 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፤ ዲጂታል ሲሆን ይህን ወጪ የሚያድነው ፊልም ሠሪው ኩባንያ ነው። ከ100,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ፕሮጀክተር የሚገዛው ግን ሲኒማ ቤቱ ነው። አሮጌው ፕሮጀክተር ዘይት እየተቀባ ሠላሳ ዓመት የሚሠራ ብረት ነው፤ አዲሱ ግን ኮምፒዩተር ስለሆነ ቶሎ ያረጃል። አንዱ ያተርፋል፣ ሌላው ይከፍላል። በመጋቢት 2002 ሰባቱ ታላላቅ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች የጋራ ድርጅት አቋቁመው በ2005 አንድ ወጥ የዲጂታል ሲኒማ ደረጃ አወጡ፤ ከቅጂው ከሚተርፈው ገንዘብም ለፕሮጀክተሩ ግዢ የሚረዳ ክፍያ ለሲኒማ ቤቶች እንዲሰጥ ስምምነት ተደረገ። በታኅሣሥ 2009 “አቫታር” በሦስት ማዕዘን ምስል ወጥቶ ሕዝቡ ሲጎርፍ ደግሞ፣ ዲጂታል ፕሮጀክተር የሌለው ሲኒማ ቤት ገበያውን በዓይኑ እያየ አጣው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አለቀ። ኮዳክ በ2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ ፉጂ የሲኒማ ጥብጣብ መሥራቱን በ2013 አቆመ፤ በ2014 መጀመሪያ ፓራማውንት በአሜሪካ ፊልሞቹን በጥብጣብ ማከፋፈል የተወ የመጀመሪያው ታላቅ ኩባንያ ሆነ። መሣሪያውን ለመግዛት ዐቅም ያጡ ብዙ ትናንሽ ሲኒማ ቤቶችም ተዘጉ።

ከገንዘቡ ሌላ ሥልጣንም ተዛወረ። ጥብጣብ የደረሰው ሲኒማ ቤት ጥብጣቡን በእጁ ይዞታል፤ ማሽኑ ላይ ከሰቀለው ይታያል። ዲጂታሉ ፊልም ግን በቁልፍ የተዘጋ ነው። ቁልፉ ለብቻው ይላካል፤ ለተወሰነ መሣሪያ፣ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ተብሎ የተሰጠ ነው። ቀኑ ካለፈ ፊልሙ በእጅህ እያለ አይከፈትልህም።

ይህን ሁሉ ስንል ለውጡን የምንኮንን እንዳይመስልብን። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላም ገጽ አለው። “ሂሩት አባቷ ማን ነው” በ1957 ዓ.ም. በጥብጣብ ከቀረበ ወዲህ ባሉት አሠርት ዓመታት የአማርኛ ታሪክ ነገር ፊልም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ጥብጣብ መግዛት፣ ማሳጠብ፣ ማባዛት ዐቅም ይጠይቃልና። ሉካስ በሚሊዮኖች ሲከራከር በነበረበት በዚያው ዘመን የአዲስ አበባ ወጣቶች በተራ ቪዲዮ ካሜራ ቀርጸው፣ በቪዲዮ ፕሮጀክተር በሲኒማ ቤት እያሳዩ ሰልፍ ያሰለፉት ማንም ደረጃ አውጥቶላቸው አይደለም። እዚህ በአካባቢያችንም ሳዑዲ ዐረቢያ ከ35 ዓመት ገደማ በኋላ ሲኒማ ቤት እንዲከፈት ስትፈቅድ፣ በሚያዝያ 2018 በሪያድ የመጀመሪያው አዳራሽ የተመረቀው “ብላክ ፓንተር” በተባለው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነበር፤ የጥብጣብ ማጫወቻን ዘመን ዘላ በቀጥታ ወደ ዲጂታሉ ገባች።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ፕሮጀክተሩም ዲስኩም ዓይኑም ነጻ ናቸው። ሰበቡ ከ2000ው ካሜራ ነው። የካሜራው ሥዕል በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥብ አለው ይባላል። ነገር ግን ቴፑ ያን ሁሉ ስለማይችል በወርዱ የሚመዘገበው 1,440 ነጥብ ብቻ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ዝርዝር ይጻፋል። በዚያ ላይ ፊልሙ ለሰፊ መጋረጃ የታሰበ ስለሆነ ከላይና ከታች ተቆርጦ ከ1,080ው ቁመት የቀረው 800 ያህል ነው። በጊዜው ይህ አልታወቀም፤ የዚያን ዘመን ዲጂታል ፕሮጀክተሮችም በወርድ 1,280፣ በቁመት 1,024 ብቻ ስለ ነበሩ ካሜራው ከበቂ በላይ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በየቤቱ ያለው ቴሌቪዥን በወርዱ 3,840 ነጥብ አለው። የ1977ቱ ፊልም ጥብጣብ በመጋዘን ስላለ እንደገና በተሻለ መሣሪያ ሊነበብ ይችላል፤ በኬሚካሉ ውስጥ ያኔ ማንም ያላነበበው ዝርዝር አለና። የ2002ቱ ግን በቁጥር ከተጻፈው በላይ ምንም የለውም። በ2020 በአዲሱ ጥራት በዲስክ ሲወጣ ኮምፒዩተር ነጥቦቹን አባዝቶ አለሰለሰው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረበትም። ሁሉም ነገር በኋላ ይታረማል በተባለበት ፊልም ላይ የማይታረመው ይህ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። በ2015 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ተመልሶ በጥብጣብ መቀረጹም ለብዙዎች ትርጉም ያለው ነበር።

የሲቲ ስካንን ነገር የተማሩ ጓደኞቻችን ይህን ወዲያው ይረዱታል። አካሉ በአንድ ሚሊ ሜትር ቁርጥ ከተመዘገበ፣ ሐኪሙ በኋላ በፈለገው አቅጣጫ ሠንጥቆ ሊያየው ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የአምስት ሚሊ ሜትር ቁርጥ ብቻ ቀርቶ ጥሬው መረጃ ከተሰረዘ ግን፣ በሁለቱ ቁርጥ መካከል የነበረችውን ትንሽ ስንጥቅ የሚመልሳት ኮምፒዩተር የለም። በሽተኛው እንደገና ጨረር ይቀበላል።

በዚህ ዓመት ከመካከላችን ሁለቱ አንዲትን የአገራችንን ልጅ በአስተርጓሚነት ረድተው ነበር። በቤት ሠራተኛነት የምትተዳደር ናት። የእጅ አንጓዋ ያማታል። ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንደኛው ከአራት ዓመት በፊት አገር ቤት ስትወድቅ የተነሣ የራጅ ፊልም ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሻንጣዋ ባሕር የተሻገረ። ሁለተኛው ከስድስት ወር በፊት እዚህ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ገንዘብ ከፍላ ያስነሣችው ሥዕል ያለበት ዲስክ ነው። ዲስኩ በሐኪሙ ኮምፒዩተር ላይ አልተከፈተም፤ የሚያስከፍተው ፕሮግራም ጎድሏል ተባለ። ክሊኒኩ ሲጠየቅ መዝገቡ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ሲዛወር የእርሷ አልተገኘም አሉ። ሐኪሙ ጋዜጣውን ፈቶ የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣው። በስካፎይድ አጥንት ላይ ያለችው የድሮ ስንጥቅ በጠዋቱ ብርሃን ቁልጭ ብላ ታየች። አልጋጠመችም ነበርና ሕመሙ ከዚያ እንደሚመጣ ጠረጠረ፤ አሁን ያለችበትን ለማወቅ ግን አዲስ ሥዕል አዘዘ። ክፍያውን ከአሠሪዎቿ ለማስፈጸም ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዲስኩን ለእኛ ትታልን ሄደች፤ ከምሕንድስና ክፍል ያሉት ወንድሞቻችንም ሞክረውት እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ፕሮግራሙ ያለው አንባቢ ካለ በማኅበሩ ቢሮ እናገኘዋለን።

የሚቀጥለው የፊልም ምሽት እንደ ተለመደው ዓርብ ነው። ወንድማችን የ1977ቱንና የ2002ቱን ጎን ለጎን አምስት አምስት ደቂቃ እንድናሳይ ጠይቋል፤ ሁለተኛ ፕሮጀክተር የሚያውሰን ሰው ከተገኘ ይፈጸማል።